ወደ “አረንጓዴው ሲኦል” የሚገቡት የጤና ቡድን ሾፌሮች

እሁድ ጠዋት ቦርጩን ይዞ ሜዳ የሚወርድ የጤና ቡድን ተጫዋች “ኦልድትራፎርድ ገብቼ ኳስ ልምታ” ቢል የሚሰማው የለም። በመኪናው ስፖርት ግን ነገሩ ለየት ይላል። ጀርመን አይፍል በተባለው ተራራማ አካባቢ የሚገኘው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ትራክ፣ ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 በእሳት የተለበለበበት ያው ራሱ አስፋልት፣ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ ታርጋ ያለው መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ቲኬት ቆርጦ ይገባበታል።

እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው ይህ ትራክ እንደ ዘመኑ የፎርሙላ ዋን ሜዳዎች አምስት ኪሎ ሜትር ተዙሮ የሚያልቅ አይደለም። 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። በጫካ መሐል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 300 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። በአንዱ ጫፍ ፀሐይ፣ በሌላው ዝናብ መሆኑ የተለመደ ነው። “አረንጓዴው ሲኦል” የሚለውን ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቲዋርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በጭጋግና በዝናብ ውስጥ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ያሸነፈው እዚሁ ነው። አሸናፊው እንዲህ ካለ ሌላው ምን ሊል ነው?

ታዲያ ቅዳሜና እሁድ እዚህ ከሚሰለፉት መሐል ዓይን የሚስቡት አዲሶቹ ባለ 600 ፈረስ ጉልበት መኪኖች ብቻ አይደሉም። አሮጌዎቹ ቱርቦዎችም አሉ። ከእነሱ አንዷ ፖርሽ 944 ቱርቦ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1991 የተሠራች በመሆኗ የመጨረሻዋ “ወጣት” እንኳ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሞተሯ እንደ ታላቋ 911 ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ ያውም ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ “እሷ ደግሞ ፖርሽ ናት?” እየተባለች ለዓመታት ስትናቅ ኖራለች። ንቀቱ ግን አግባብ አልነበረም። የ944 ባለ ቱርቦ የውድድር ናሙና እ.ኤ.አ. በ1981 ለማን ላይ በዋልተር ሮልና በዩርገን ባርት ተይዛ ሰባተኛ ወጥታለች። ለገበያ የቀረበችው ደግሞ በ220 ፈረስ ጉልበት በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር።

ችግሩ ያለው ቱርቦው ላይ ነው። ጣዕሙም እዚያው ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እሷ አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ጭሱ ካልበረታ ግን ግፊት የለም። ነዳጅ ይረገጣል፣ መኪናዋ ዝም ትላለች፤ ሞተሩ 3,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ድንገት ከኋላ በእርግጫ የተመታች ያህል ትወነጨፋለች። ተቀይሮ የገባ አጥቂ አሥር ደቂቃ ሲንከላወስ ቆይቶ በአንዴ ሁለት ጎል ሲያገባ ማለት ነው። ይህ እርግጫ መታጠፊያ መሐል ከመጣ የኋላ ጎማዎች ያመልጣሉ። በእሷ ዘመን ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ጎበዝ ሾፌር ቀድሞ ፍሬን ይዞ ፍጥነቱን ይጨርሳል፣ በትክክለኛው ማርሽ ይገባል፣ ነዳጁንም ከሚፈልግበት ቅጽበት ቀደም ብሎ ቀስ አድርጎ ይሰጣል፤ ግፊቱ ሲደርስ መሪው ቀና ብሎ መገኘት አለበት። ካምቢዮዋ ከኋላ መቀመጡ ክብደቷን ለሁለት ስለሚያካፍለው ከ911 ቱርቦ ይልቅ ጥፋት ትታገሣለች። ሁሉንም ጥፋት ግን አይደለም።

ፈተናው በደንብ የሚታየው ቤርግቬርክ በተባለው የቀኝ መታጠፊያ ነው። የላውዳ አደጋ የደረሰው ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከመታጠፊያው በኋላ ረጅም ዳገት አለ፤ ሞተሩን አስተኝቶ የወጣ ሰው ዳገቱን ሙሉ እየተንፏቀቀ ነው የሚጨርሰው። በጉልበት የወጣውም ሌላ ጣጣ አለበት፦ በሙሉ ግፊት ሽቅብ ሲጋልብ የሙቀት ጠቋሚዋ አብራው ትወጣለች። ቀጥሎ ካሩሰል ይመጣል፤ መኪናዋ ዘንበል ብሎ በተሠራ ኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እየተንገጫገጨች ትዞራለች። ከዚያ ወዲያ ብሩንሺን አለ፤ የኑርቡርግሪንግ ካታንጋ ይበሉት። ተመልካቹ ካሜራውን ደግኖ የሚሳሳት ይጠብቃል። ያልተሳሳተ ሾፌርን የሚያስታውስ የለም።

ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። ሜዳሊያም የለም። በሕግ ዓይን ቦታው ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ሲሆን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ የሚቀደመው በግራ ብቻ ነው። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ግማሽ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፤ አዲሱ ፈጣን መኪና ከኋላው ሲደርስ ቀኙን ይዞ ያሳልፋል። እንደ እልኸኛ ተከላካይ “አታልፍም” ማለት እዚህ አያዋጣም። የጋጨ ሰው መኪናውን ከማጣቱ ሌላ ለሰበረው የብረት አጥር ይከፍላል። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ደግሞ እዚህ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም።

ሳይጋጩም ቢሆን አሮጌ ቱርቦ ገንዘብ ትበላለች። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ የቆየ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የጎማ ቱቦዎች በዕድሜ ይሰነጣጠቃሉ። የሞተሩ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ሞተር ተሰናበተ ማለት ነው። የ944 የታወቀ ሕመሟ ደግሞ የሁለተኛው ቢየላ ኩሽኔታ ነው፤ በረጅም መታጠፊያ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ በጥማት የሚቃጠለው እሱ ነው። እነዚህን የሚያውቅ ባለቤት ከመምጣቱ በፊት ዘይቱን ይለውጣል፣ የፍሬን ሸራውን ያያል፣ ሁለት ዙር ነድቶም ያሳርፋታል። የማያውቀው በጭነት መኪና ተጭና ትሄድለታለች፤ መለዋወጫዋም ሆነ እሷ ራሷ ከዓመት ዓመት ዋጋቸው እየናረ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ዶቲንገር ሆኸ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ጀማሪው እዚህ እስከ መጨረሻው ይረግጣል። የአሮጌ ቱርቦ ባለቤት ግን በጊዜ ነዳጁን ለቀቅ ያደርግና አየር እያስመታት ይገባል፤ ቱርቦው እንደጋለ ከቆመ ዘይቱ ውስጡ ተቃጥሎ ይደርቃልና። ማቆሚያው ላይም ደርሶ ቁልፉን ወዲያው አያዞርም፤ ትንሽ ያቆያታል። ሲያጠፋትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሹ የውኃ ፓምፕ ቱርቦውን ለማቀዝቀዝ ብቻውን ሲያንሾካሹክ ይሰማል። እሱ ዝም እስኪል ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ዙሪያዋን እየዞረ የፈሰሰ ነገር እንዳለ ያያል፤ ከዚያ ለሁለተኛው ቲኬት ወደ ሰልፉ ያመራል።