ትዳር ሲፈርስ ንብረት እንዴት ይከፈላል?

ሰው ሲጋባ ስለ መለያየት አያስብም። ማሰቡም ነውር ይመስለዋል። ነገር ግን ትዳር አንዳንዴ ይፈርሳል። ሲፈርስ ሕጉን የማያውቅ ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጎዳው ሴቷ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ከደከመችበት ቤት ልብሷን ብቻ ይዛ የወጣች ስንት እህት አለች! ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል ሁላችንም እንወቅ።

ሕጉ የትኛው ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። ይህ ቀርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ክልሎችም የራሳቸውን አወጡ። ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል።

ማን ያፋታል?

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመክራል። ይህ መልካም ነው። ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ተስማምተው ማመልከት ይችላሉ። አንዱ ብቻውንም ማመልከት ይችላል።

የግል ምንድን ነው? የጋራስ?

የግል ማለት ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የተሰጠ ነው። የጋራ ማለት ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ያፈሩት ነው። አንድ ንብረት የግል መሆኑ በማስረጃ ካልታየ እንደ ጋራ ይቆጠራል። በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ!

ምሳሌ እንውሰድ። ሚስት ስታገባ አንዲት ላም ይዛ መጣች። ባልም አንድ በሬ ነበረው። አብረው ሲኖሩ ሌላ በሬ ገዙ፣ የቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ሲፋቱ ላሟ የሚስት ናት። የመጀመሪያው በሬ የባል ነው። ሁለተኛው በሬና ቤቱ ግን የጋራ ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። የላሟ ቅቤ ተሽጦ የተጠራቀመ ገንዘብስ? እሱም የጋራ ነው። ቤት ለሁለት አይቆረጥም። ስለዚህ አንዱ ወስዶ ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ይከፍላል። ካልሆነም ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ።

«አርሼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እኩል?» የሚል ይኖራል። ታዲያ ያረመው፣ ውሃ የቀዳው፣ እንጀራ የጋገረው፣ ልጅ ያሳደገው ማን ነው? ይህም እኮ ሥራ ነው።

ዕዳስ?

ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ የሁለቱም ነው። ለማዳበሪያ 4,000 ብር ተበድረው ቢሆንና በእጃቸው 10,000 ብር ቢኖር፣ መጀመሪያ ዕዳው ይከፈላል። 6,000 ብር ይቀራል። ለየራሳቸው 3,000 ብር ይደርሳቸዋል።

መሬቱስ?

መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም ይሁን ብሎ አዘዘ። በ2016 ዓ.ም. በምትኩ አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ይህ መብት ግን አልቀረም።

ልጆችስ?

ከማን ጋር እንደሚኖሩ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅም አይቶ ይወስናል። አባትም እናትም ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ባልና ሚስት ይፋታሉ እንጂ ልጅ አይፋታም።

ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጠብ ሳይነሳ አሁኑኑ እነዚህን እንፈጽም፦

1ኛ/ የመሬት ደብተሩን አውጥተን እናንብብ። የባልም የሚስትም ስም አለበት ወይ? ከሌለ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር እንጠይቅ።

2ኛ/ ያላነበብነው ወረቀት ላይ አውራ ጣታችንን አናሳርፍ። አንዳንዱ «ዕርቅ ነው» ብሎ ድርሻ የሚያስለቅቅ ወረቀት ያስፈርማል።

3ኛ/ የጋራ መሬት ወይም ቤት ያለ ሌላው ፈቃድ አይከራይም፤ ቤትም አይሸጥም። አንዱ ተደብቆ ቢያደርገው ሌላው ሳይዘገይ ለወረዳው ፍርድ ቤት ያመልክት።

ፊደል የቆጠርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። ስማችን የት እንደተጻፈ፣ የት እንዳልተጻፈ ለማየትም ነው።