ሥሩን ያልጨረሰ ጥርስ

ለጥርስ ክሊኒክ ሃይድሮጄል አዲስ እንግዳ አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያሠራ ለመጣ ታካሚ ልኬት የምንወስድበት አልጂኔት ከባሕር አረም ተጣርቶ የሚወጣ ሃይድሮጄል ነው። ዱቄቱን በጎማ ሳህን ከውሃ ጋር እናቦካዋለን፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም የአልጂኔቱን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ሲያያይዛቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ከአፍ ወጥቶ ጂፕሰም ሳይፈስበት ከቆየ ግን ውሃውን እየለቀቀ ይኮማተራል፣ ልኬቱም ይበላሻል።

የሃይድሮጄል ነገር ውሃን በመረቡ አፍኖ መያዝ ነው። አብሽ ሲነከር እንዴት እንደሚያብጥና እንደሚዝለገለግ ያየ ሰው ባሕርይውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኦቶ ዊክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ፕራግ ላይ ሆነው ለሰውነት የሚስማማ ሰው ሠራሽ ጄል መሥራት እንደሚቻል አሳዩ፤ ለስላሳው ኮንታክት ሌንስ የተወለደው ከዚያ ነው። ድዳችንም ሆነ ሕዝቡ ነርቭ የሚለው የጥርስ ውስጠኛ ሥጋ ውሃ የሞላባቸው መረቦች ናቸው። ሕዋሳት በጄል ውስጥ መኖርና መራባት የሚችሉትም ስለዚህ ነው።

ታካሚዎቼ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ዶክተር፣ ጥርስ የሚያበቅል ጄል ተገኘ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ስለ ኢናሜል፣ ማለትም ስለ ጥርስ ጠንካራ የላይኛ ሽፋን ከሆነ መልሴ አጭር ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድን ጥሶ ሲወጣ አብረው ይጠፋሉ፤ ቀርቶ የሚጠግነው የለም። መበስበሱ ገና ነጭ ነጥብ ላይ ሳለ በውስጡ ጄል ሆኖ እየረጋ ካልሲየምና ፎስፌት የሚስብ ፔፕታይድ የተባለ አጭር ፕሮቲን በገበያ ላይ አለ። ቀዳዳ ከተከፈተ በኋላ ግን ሥራው የሙሌት ነው።

ጄል ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ቦታ ነው፤ የልጅ የፊት ጥርስ ላይ።

የላይኛው የፊት ጥርስ የሚወጣው በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ ነው። ሥሩ አድጎ ጫፉ እስኪዘጋ ደግሞ 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ ደረጃ ላይ ሲሯሯጡ የሚወድቁት በዚሁ ዕድሜ ነው። ጥርሱ ተሰብሮ ነርቩ ከሞተ የሥሩ እድገት እዚያው ይቆማል፤ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ እንደ ተከፈተ ይቀራል። ሕመሙ ጥቂት ቀን ቆይቶ ስለሚጠፋ ቤተሰብ የዳነ ይመስለዋል። ከወራት በኋላ ድዱ መግል ሲቋጥር ልጁን ያመጡታል፤ «ዶክተር፣ ነቅለው ይገላግሉት» ይሉኛል። እኔም «እህቴ፣ መንጋጋው ገና እያደገ ነው፤ ይህን ጥርስ ብንነቅለው ቦታው ያለው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል» እላለሁ።

ለረጅም ዘመን የነበረን መንገድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለወራት እየቀያየሩ መሙላት ነበር። ጫፉን ይዘጋዋል፤ ግድግዳውን ግን አያወፍረውም፤ ብዙ ከቆየም ያዳክመዋል። ኤም.ቲ.ኤ. የሚባለው ሲሚንቶ ሥራውን አፋጠነው፤ ሥሩ ግን ያው ስስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታተሙ የሕክምና ዘገባዎች ሌላ መንገድ ከፈቱ፦ በሥሩ ውስጥ ያለውን ቦይ አጽድቶ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ትንሽ በመንካት ደም እንዲሞላው ማድረግ። ደሙ ሲረጋ ፋይብሪን የተባለ መረብ ይሠራል። ይህ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሃይድሮጄል ነው። ከሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያሉ ግንደ ሕዋሳት በዚህ መረብ ላይ ተሻግረው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ነገር አለ። ከጄሉ በፊት ማጽዳቱ ይቀድማል፤ ማጽጃው ግን የምንጠብቃቸውን ሕዋሳት ሊገድል ይችላል። በበረኪና ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለአዋቂ ሩት ካናል በጠንካራ መጠኑ የሚጠቀም ሐኪም እዚህ ወደ 1.5 በመቶ ማውረድ አለበት (ቤት ውስጥ ማንም አይሞክረው)። ከዚያ 17 በመቶ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የተባለ ማጠቢያ ሲከተል የሥሩ ግድግዳ በሆነው ዴንቲን ውስጥ ታስረው የቆዩ የእድገት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ። ደም በምናስፈስስበት ቀን ማደንዘዣው አድሬናሊን የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ አድሬናሊን የደም ሥርን ያጠብባልና።

ደሙ ግን ሁልጊዜ እሺ አይልም። አንዳንዴ ጠብታ ይወጣና ይቆማል። ለዚህ በጣም የምወደው መፍትሔ ጆሴፍ ሹክሩን እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ ያስተዋወቀው ፒ.አር.ኤፍ. ነው። ከታካሚው ክንድ ደም ይቀዳል፤ መርጊያ የሚከለክል መድኃኒት በሌለበት ቱቦ ወዲያው ሴንትሪፊውጅ ላይ ይዞራል፤ መሐል ላይ ቢጫ የፋይብሪን ጄል ይገኛል። ጥርስ የተነቀለበትን ጉድጓድ ለመሙላትም ያገለግላል። ከውጭ የሚገባ ውድ ጄል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለእኛ አገር ክሊኒክ የሚመች ነው።

በምርምር ላይ ያለው ከዚህ ይርቃል። ሕዋስ የያዘ የጄላቲን ጄል ሙሌት በምናደርቅበት ዓይነት ሰማያዊ ብርሃን ሲረጋ ታይቷል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 5 ሰዎች ከራሳቸው ጥርስ የተወሰዱ ሕዋሳት በኮላጅን ጄል ተደርገው ተመልሰውላቸዋል። እኛ በደም የምናበቅለው ሥጋ ግን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ጊዜ አጥንት መሰል እንጂ እውነተኛ ነርቭ አይደለም። መግሉ ደርቆ፣ ጥርሱ አፍ ውስጥ ከቆየ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ነርቩ ተመለሰ ብሎ ለወላጅ መንገር ግን ውሸት ነው።

ሌላም ዕዳ አለብን። ለድድ በሽታ የሚቀባው ታዋቂ የኢናሜል ፕሮቲን ጄል የሚዘጋጀው በማደግ ላይ ካሉ የአሳማ ጥርሶች ነው፤ ብዙ ጄላቲንም ከአሳማ ይመጣል። ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ታካሚያችን ይህን ሳያውቅ አፉ ውስጥ ልናደርግበት አይገባም። ጠይቀን፣ ከፈቀደ እንሠራለን፤ ካልፈቀደ ከራሱ ደም የሚሠራው ጄል አለ።

ለወላጆች የምለው ይህ ነው፦ ልጅዎ ወድቆ የፊት ጥርሱ ከተሰበረ፣ ባያመውም በዚያው ቀን ይዘውት ይምጡ። ከቆየም ቀለሙ ወደ ግራጫ መለወጡን፣ ድዱ ላይ ብጉር መሳይ ነገር መውጣቱን ይመልከቱ። ይነቀል ከማለትዎ በፊት ኤክስሬይ ያስነሡና የሥሩ ጫፍ መዘጋቱን ሐኪሙን ይጠይቁ።