ለከበደው ልጅ ይደወልለት

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። የቀናው በዙም ተማረ። ወረርሽኙ ቢያልፍም ከቤት ሆኖ ስለመማር ያኔ የያዝናቸው አንዳንድ እምነቶች አልለቀቁንም። ትምህርቱ የከበደውን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት አራቱ እነዚህ ናቸው።

ተረት፦ ካሜራውን የሚያጠፋ ተማሪ ሰነፍ ነው።

እውነታ፦ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካሜራ የሚያጠፉበትን ምክንያት ሲጠየቁ በብዛት ያነሱት የመልካቸውን ነገር ነበር፤ ከኋላቸው የሚታየው ቤትና ሰው ያሳቀቃቸውም ነበሩ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቪዲዮ ካርድ ይበላል። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ እናት ሽንኩርት እያቁላላች «ካሜራ ክፈት» ማለት ጓዳህን ግለጥ እንደማለት ነው። ከፊቱ ይልቅ ሥራውን እንይ፤ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ይላክ።

ተረት፦ ታብሌትና ፈጣን ኢንተርኔት ከሌለ ምንም ማድረግ አይቻልም።

እውነታ፦ በ2020 እ.ኤ.አ. በቦትስዋና 4,500 ያህል ቤተሰቦች የተካተቱበት ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ለአንዱ ቡድን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ተላከ፤ ለሌላው በዚያ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስልክ ተደወለ። መልእክቱ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የተደወለላቸው ልጆች ግን በሒሳብ ተሻሻሉ፤ ለዚህም ተራ ስልክ በቂ ነበር። ተመሳሳይ ሙከራ በኋላ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሕንድ፣ በኔፓልና በፊሊፒንስ ተደርጎ ውጤት አሳይቷል።

ተረት፦ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ብዙ የቤት ሥራ ሲሰጠው ይደርሳል።

እውነታ፦ ማካፈል ላልገባው ልጅ ሃያ የክፍልፋይ ጥያቄ ቢጨመርለት ሃያ ጊዜ መሳሳትን ይለማመዳል። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደቆመ ይታወቅ፤ ትምህርቱም ከዚያ ይነሣ። በ2020 እ.ኤ.አ. በጣሊያን በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመካከለኛ ደረጃ ልጆችን በሳምንት ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኢንተርኔት ለየብቻ አስጠኑ። የልጆቹ የፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን መንፈሳቸውም ተሻሽሏል።

ተረት፦ ያልተማረ ወላጅ ልጁን ሊረዳ አይችልም።

እውነታ፦ ሒሳቡን መሥራት የልጁ ፋንታ ነው። በቦትስዋናው ሙከራ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ወላጅና ልጅ አብረው ያዳምጡ ነበር። የጥናቱን ሰዓት ማስከበር፣ ስልኩን ለልጁ መተው፣ «እስቲ የተማርከውን አስረዳኝ» ብሎ ጆሮ መስጠት ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም የሚችለው ነው።

መምህሩ ስድሳ ተማሪ ካለው ለሁሉም ልደውል ቢል አይዘልቀውም። ሥራ መላክ ላቆሙት አምስት ልጆች ግን በሳምንት አንድ ቀን መደወል አያቅተውም። ሲደውልም «ለምን አልላክህም?» ብሎ ከጀመረ ልጁ ሰበብ ይፈልጋል። «የቱ ጋ ከበደህ?» ካለው ግን ደብተሩን ይፈልጋል።