ድመትና የሽንት ሕመሟ፤ ጥፋቱ የእህሉ ነው ወይስ የውሃው?

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ድመት ቤት ውስጥ የምትኖረው ለጌጥ አይደለም። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ አይጥም አብሮት ይገባል፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ አይጠፋም። ቆላውን ለሚያውቅ ሰው ድመት ለምን እንደምትፈለግ ማስረዳት አያሻም።

በከተማው ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ቤቱ የብሎኬት፣ በሩ የብረት ሆኗል። ድመቷም በር ተዘግቶባት የምታድር፣ የልጆች መጫወቻ የሆነች የቤት ነዋሪ ሆናለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድም አንዳንዴ በከረጢት የታሸገ ደረቅ የድመት ምግብ ይዞ ይመጣል። ከረጢቱ ላይ «እህል አልባ» የሚል ካለበትማ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ተማሪዎቻችንም «እህል የሌለበት ምግብ ድመትን ከሽንት ሕመም ይጠብቃል ይባላል፤ እውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም።

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አንዲት ሴት ድመት ዘግታ በማሰቃየቷ ለእሳት እንደተዳረገች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ልብ እንበል! ሴትየዋ የተወቀሰችው ስላላበላቻት ብቻ አይደለም፤ ወጥታ ከምድር ተንቀሳቃሾች እንዳትበላም ስለከለከለቻት ጭምር ነው። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ድመቷ ሲሳይዋን ራሷ ትፈልግ ነበር። እንግዲህ በሩን የዘጋ ሰው፣ ድመቷ ውጭ ታገኘው የነበረውን ሁሉ የማቅረብ አደራ አለበት ማለት ነው።

ውጭ የምታገኘው ምን ነበር? አይጥ ነው። የአይጥ ገላ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የቤት ድመት የዘር ግንዷ የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ናት፤ የደረቅ አገር ፍጥረት። ስለዚህ አላህ (ሱ.ወ) ኩላሊቷን ሽንቷን እጅግ አወፍሮ ውሃ እንዲቆጥብ አድርጎ ፈጥሮታል። ጥሟም እንደ ውሻ ጥም አይደለም፤ ውሃዋን ከምትበላው ሥጋ ጋር ማግኘት የለመደች ናት። ደረቁ ምግብ ግን ከ10 በመቶ የማይበልጥ ውሃ ነው ያለው። ደረቅ የምትበላ ድመት ከሳህን ደጋግማ ብትጠጣም እንኳ በጠቅላላው የምታገኘው ውሃ እርጥብ ከምትበላዋ ያንሳል። ሽንቷ ይወፍራል። በወፈረው ሽንት ውስጥ ማዕድናት እየተጣበቁ አሸዋ መሳይ ደቃቅ ነገር፣ ሲብስም ጠጠር ይሆናሉ።

ታዲያ እህሉን ማውጣት ምን ፈየደ? ስንዴውና በቆሎው ሲወጣ በቦታው አተር፣ ምስር ወይም ድንች ይገባል። ምግቡ ያው ደረቅ ነው። እህልን የመፍራቱ ነገር የበረታው እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ ሜላሚን በሚባል ኬሚካል የተበከለ የስንዴ ውጤት የገባበት ምግብ የብዙ ድመቶችንና ውሾችን ኩላሊት ካበላሸ በኋላ ነው። ያኔም ጥፋቱ የብክለቱ እንጂ የስንዴው አልነበረም። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ማግኒዥየም ተከሶ ነበር። ፋብሪካዎች ማግኒዥየሙን ቀንሰው ሽንትን አሲዳማ የሚያደርግ ምግብ ሠሩ። ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር ቀነሰ፤ በምግብ የማይሟሟው ካልሲየም ኦክሳሌት ግን በረከተ። እህል አልባው ምግብ ከሽንት ሕመም ይጠብቃል የሚያሰኝ ማስረጃ አላየንም። (የሚገዛ ሰው ካለ ከእህሉ ይልቅ በውስጡ የአሳማ ውጤት መኖር አለመኖሩን ቢያነብ ይሻላል።)

እንዲያውም ከታመሙት ድመቶች ከግማሽ በሚበልጡት ጠጠርም ሆነ ተሕዋስ አይገኝም፤ ፊኛቸው ብቻ ተቆጥቶ ይገኛል። ቤት መቀየር፣ ጩኸት፣ አዲስ እንስሳ መምጣቱ ሁሉ ያባብሰዋል። እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉልን። ድመቷ በመስገጃው ወይም በፍራሹ ላይ ስትሸና ብዙ ጊዜ ተመትታ ትባረራለች። ምናልባት ግን ሕመም ይዟት ይሆናል። ሽንቱ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ነጃሳ ስለሆነ ቦታው በውሃ ይታጠባል። ድመቷ ራሷ ግን ነጃሳ አይደለችም። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የውዱእ ውሃቸውን ዕቃ ዘንበል አድርገው ድመት ሲያጠጡ የልጃቸው ሚስት ከብሻ ብትደነቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንኑ ማስተማራቸውን ነግረዋታል።

ከሁሉም የሚያስፈራው የወንዱ ድመት ነገር ነው። የሽንት ቱቦው እጅግ ጠባብ በመሆኑ በደቃቁ አሸዋና በንፍጥ ይደፈናል። ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል፤ የሚወጣው ግን ጠብታ ወይም ደም ነው፤ ወይም ምንም የለም። ሰው ድርቀት ይመስለውና ዘይት ያጠጣዋል! ቱቦው ከተደፈነ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ልብን ያቆማል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሆዱን መጫን ፊኛውን ሊያፈነዳ ይችላል። ፓራሲታሞል መስጠትማ መርዝ መስጠት ነው፤ አንዲት ፍሬ ድመትን ትገድላለች።

በአሶሳ ቤት ውስጥ መልካሙ ምግብ ከከረጢት የሚመጣ አይደለም። ሥጋው ወይም ዓሣው ሲቀቀል፣ ሽንኩርትና በርበሬ ሳይነካው፣ ትንሽ ከነመረቁ ቢቀነስላት ምግብም ውሃም አገኘች ማለት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ አይሆናትም። የማሽላ ገንፎ ብቻም አያኖራትም። ታውሪን የሚባል ከሥጋና ከዓሣ የሚገኝ ንጥረ ነገር ያሻታል፤ እጥረቱ የድመትን ልብ እንደሚያደክም እ.ኤ.አ. በ1987 ታውቋል፤ ዓይንንም ያጠፋል። ደረቁ ምግብ እጅ ላይ ካለ ደግሞ ከመጣል በውሃ ማራስ ይበጃል። የውሃ ሳህኗ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ከምግቧ ራቅ ይበል፤ በየቀኑ ይታጠብ።

የረመዳን ነገርም አለ። በቀን ማንም ውሃ ስለማይቀዳ የድመቷ ሳህን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ባዶ ሆኖ የሚውልበት ቤት አለ። ጾሙ የተደነገገው በእኛ ላይ ነው። ለሱሑር የተነሣው ልጅ ሳህኑን ሞልቶ ይተኛ፤ ለዙህር ሲነሣም ይየው።

በክልላችን የእንስሳት ሐኪሙ ውሎ በአመዛኙ ከከብቱ፣ ከፍየሉና ከገንዲ በሽታ ጋር ነው። ቢሆንም ድመት ሊሸና ካልቻለ የዚያኑ ዕለት ወደ እርሱ መውሰድ እንጂ ነገ ማለት አይገባም። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና፣ ምን እንደበላ ይነገረው። በካርቶን አድርጎ በጨርቅ ሸፍኖ መውሰድ ይሻላል፤ የታመመ ድመት ይነክሳልና። የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያሰጋ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።