የሳምንት መጨረሻ የቤተሰብ ጉዞ፦ ወዴት እንሂድ?

 

 በዛሬው ዝግጅታችን ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን በብዙ ቤቶች ቅያሜ የሚያስከትል ርዕስ ይዘን ቀርበናል። እርሱም ቤተሰብን ይዞ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ ለማረፍ ሲታሰብ ቦታውን በምን መለኪያ እንምረጥ የሚለው ነው። በዓለም ባንክ፣ በቤቴል፣ በአየር ጤናና በዙሪያው የሚኖሩ ቤተሰቦችን በማሰብ ያዘጋጀነው ቢሆንም፣ በሌላ የከተማይቱ ክፍል የምትኖሩም መለኪያውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

«ኢማም ስለ ሽርሽር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ቤተሰብ በአባወራው ላይ ሐቅ አለው፤ ሐቁም ቀለብና የቤት ኪራይ ብቻ አይደለም። ስንቱ አባት ነው ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቶ፣ ከተኙ በኋላ የሚገባው? ስንቷ እናት ነች ዓመቱን ሙሉ ከማድቤት የማትወጣው? ከከተማ ወጣን ስንል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ወይም ዐረፋን ከዘመድ ጋር ለማክበር ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ ለመውረድ ነው። ይህ ሁሉ የዝምድና ግዴታ ነው፤ ምንዳም አለው፤ ዕረፍት ግን አይደለም። እናት እዚያም ሄዳ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ አባትም ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ ይውላል። እንግዲያውስ በዓመት አንድም ሁለትም ጊዜ ለቤተሰቡ ብቻ የሚሆን ቀን ማውጣት ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ቦታ ስንመርጥ ነው። አብዛኞቻችን የምንመርጠው የሰው ወሬ ሰምተን ወይም በስልክ ፎቶ አይተን ነው። «እነ እገሌ ሄደው ነበር» ተብሎ ይነሳል፤ ግማሹ ቀን በመኪና ውስጥ ያልቃል፤ ሕፃኑ ያስመልሳል፤ አያት ወገባቸውን ይይዛቸዋል፤ ሶላት ይንጠባጠባል፤ በጨለማ ይመለሳሉ፤ ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞ ይነሳል። ይህ እንዳይሆን አራት መለኪያዎችን እናስቀምጥ።

አንደኛው መለኪያ፦ አብሮን የሚሄደው ደካማ ሰው ማን ነው?

ጉዞው የሚመዘነው በጎረምሳው ጉልበት ሳይሆን ከሁሉም በሚደክመው ሰው አቅም ነው። በመኪናው ውስጥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ካሉ፣ ቁልቁለትና ዳገት ያለበት ቦታ ለእርሳቸው ቅጣት ነው። ነፍሰ ጡር ካለች ኮረኮንች መንገድ አይታሰብም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ ውሃ፣ ጥላና መጸዳጃ ያለበት ቦታ ይቀድማል። «እማማ ከቤት ይቅሩ» የሚለው ደግሞ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል እንጂ የወላጅን ልብ ይሰብራል። እርሳቸው የሚችሉትን ቦታ መምረጥ ከበጎ ውለታ የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው መለኪያ፦ በየትኛው በር ነው የምንወጣው?

አዲስ አበባ ብዙ በሮች አሏት። ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ ቦታ የሚመርጥ ሰው ይሸወዳል። ቢሾፍቱ ከመሐል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድም አቅርቧታል። ነገር ግን ከዓለም ባንክ ለሚነሳ ሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከተማይቱን ማቋረጥ አለ፤ በመመለሻውም እሑድ ማታ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባ ያው መጨናነቅ ይጠብቀዋል። ለእኛ ሰፈር የቀረበው በር የጅማ መንገድ ነው። በአየር ጤናና በካራ ቆሬ አድርገን ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ስንወጣ ከተማውን ሳናቋርጥ ገጠር እንገባለን። ከዓለም ገና ደግሞ አንዱ መንገድ ወደ ወሊሶና ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ ይከፈላል። አላህ በቅርባችን ያደረገውን ትቶ ሩቁን መመኘት ጊዜንም ገንዘብንም ያባክናል።

ሦስተኛው መለኪያ፦ ሶላታችንና ምግባችን

የምንሄድበት ቦታ ላይ ውዱእ የምናደርግበት ውሃና የምንሰግድበት ንጹሕ ስፍራ ይገኛል ወይ? በመንገዱ ላይ መስጂድ ያለበት ከተማ የትኛው ነው? ሙስሊም ያረደውን ሥጋ የሚያቀርብ ምግብ ቤትስ አለ? ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። መልሱ ካልታወቀ ስንቅ መያዝ ይበልጣል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ወጪም ይቀንሳል። ሙዚቃና መጠጥ በሚበዛባቸው መዝናኛዎች ገብቶ ከመሳቀቅም ልጆቻችን በነጻነት የሚሯሯጡበትን ሜዳ መምረጥ ይሻላል።

አራተኛው መለኪያ፦ ሰላሙ፣ ወቅቱና ኪሱ

ባለፉት ዓመታት በአንዳንድ የሀገራችን መንገዶች የጸጥታ ችግር እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ትናንት የሰማነውን ሳይሆን የዕለቱን ሁኔታ በመንገዱ ከሚመላለሱ ሾፌሮችና በቦታው ከሚኖሩ ዘመዶች በስልክ ማጣራት ግድ ነው። «መንገዱ አያስተማምንም» ከተባለ ጉዞውን ማስቀረት ፍርሃት አይደለም፤ የታዘዝነው ሰበቡን አድርሰን ከዚያ በአላህ እንድንመካ ነው። ወቅትን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጭቃና ጉም አለ። መስከረምና ጥቅምት መስኩ አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥሩ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ደስ ቢልም ደጋው ሌሊት ይበርዳል። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ለሽርሽር ብሎ መበደር አይመከርም። ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ተስማምተው አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ቢይዙ ወጪውም ይቀላል፤ ጉርብትናውም ይጠነክራል።

አሁን በእነዚህ መለኪያዎች የተወሰኑ ቦታዎችን እንመዝን።

መናገሻ ሱባ ደን፦ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ታሪክ ያወሳል። ዛሬም ዕድሜ ጠገብ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ከእነርሱም ጋር ጉሬዛና ድኩላ ይታዩበታል። ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ጉድለቱ መጨረሻ ላይ ያለው መንገድ አስፋልት አለመሆኑ ነው፤ በክረምት ለትንሽ መኪና አይመችም። በውስጡ ምግብ ይገኛል ብሎ ባዶ እጅ መሄድም አይገባም። መራመድ ለሚችሉ ልጆችና ወጣቶች ተመራጭ ነው።

መልካ ቁንጡሬና ጢያ፦ ሁለቱም በቡታጅራ መንገድ ላይ ናቸው። መልካ ቁንጡሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1963 ጌራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን ካገኘባት ጊዜ ጀምሮ ቁፋሮ ሲካሄድባት ቆይቷል፤ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ግኝቶች ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አነስተኛ ሙዚየምም አላት።

ጢያ ደግሞ ከመሐል አዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሶዶ ምድር ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ሲሆን 36 ትክል ድንጋዮች አሏት፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዛት የሚታየውም የሰይፍ ምስል ነው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» እያለ ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጋር ያያይዛቸዋል። አጥኚዎች ግን ድንጋዮቹ ኢማሙ ከነበሩበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተተከሉና የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን ይናገራሉ። ለልጆቻችን ሁለት ትምህርት ይገኝበታል። የመጀመሪያው የሰማነውን ሁሉ ከማመን በፊት ማጣራት እንዳለብን ነው። ሁለተኛው መቃብር አኺራን እንደሚያስታውስ ነው፤ እነዚያ ሰይፍ የታጠቁ ሰዎች ስማቸው እንኳ ለእኛ አልደረሰም።

ይህ መስመር ለአረጋውያንም ይመቻል፤ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ በቦታዎቹም ብዙ ዳገት የለም። ጉልበት የተረፈው በቡኢ በኩል እስከ ቡታጅራ ቢዘልቅ መስጂዱም፣ ሐላል ምሳውም፣ ክትፎና ቆጮውም በቀላሉ ይገኛል። ቡታጅራ ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መነሳት ያስፈልጋል።

ወንጪ፦ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በወሊሶ በኩል ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ከታቀፉት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ነው። ውበቱን በቃላት መግለጽ ይከብዳል። ነገር ግን ሒሳቡን እናድርግ። መሄጃው ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ መመለሻውም እንደዚያው ነው። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ መሞከር ቀኑን በወንበር ላይ መጨረስ ነው። ስለዚህ ወንጪን ያሰበ ቤተሰብ ቅዳሜ ሄዶ ወሊሶ ወይም እዚያው አድሮ እሑድ ቢመለስ ይሻላል። ቦታው ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው ወፍራም ልብስ መያዝ ነው። በጀልባ ስንሳፈር የሕይወት አድን ሰደርያ እንጠይቅ፤ ከሌለ አንሳፈር። ልጆችንም ከዳር እንዳይርቁ እንጠብቅ፤ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ከዳሩ ጀምሮ ይጠልቃል።

ይህን ሁሉ ያልቻለ ቤተሰብም አይዘን። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክና የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በከተማችን ውስጥ ናቸው። ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል።

ስለ ሶላት ብዙ ጊዜ ስለምንጠየቅ በአጭሩ እናብራራ። ባለ አራት ረከዓ ሶላትን ወደ ሁለት ማሳጠር የሚፈቀደው ለረዥም ጉዞ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ወሰኑ በዛሬ ልክ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የሚቆጠረውም ከከተማው ዳርቻ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ወደ መናገሻና መልካ ቁንጡሬ የሚሄድ ሰው ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል። ጢያ ወሰኑ ላይ ስላለች፣ የተጠራጠረ ሰው ዋናውን ሕግ ይዞ ሙሉ ይስገድ። ወደ ቡታጅራና ወደ ወንጪ የሚሄድ ግን ማሳጠር ይችላል፤ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም በሻፊዒዮች ዘንድ ይፈቀድለታል። በሐነፊ መዝሀብ ያሉ ወንድሞቻችን በጉዞ ማጣመርን ስለማይፈቅዱ እያንዳንዱን በወቅቱ ይሰግዳሉ፤ በዚህ አንከራከር። መግሪብና ሱብሂ አያጥሩም። ዓርብ መውጣት የፈለገም ጁሙዓን ሰግዶ ይውጣ።

በመጨረሻም ሦስት ነገሮችን አደራ እንላለን። የመጀመሪያው፣ ከመነሳታችን በፊት ቤተሰቡን፣ ልጆችንም ጭምር አማክረን እንወስን፤ ከዚያ በሱናው መሠረት አንድ አሚር እንሹም። መንገድ ላይ «እዚህ እንቁም፣ የለም እዚያ» የሚለው ጭቅጭቅ በዚህ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ከመግሪብ በፊት ቤታችን እንድረስ። በሀገራችን በየዓመቱ በመኪና አደጋ ሺዎች ያልቃሉ፤ በጨለማ የሚጓዝ እንስሳና መብራት የሌለው ጋሪ ለሾፌር ፈተና ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ጢያ ያለ ሰው ዐስርን ሰግዶ ወዲያው ቢነሳ በሰላም ይደርሳል። ሾፌሩ እንቅልፍ ከያዘው አናስገድደው፤ ልጆችንም ከፊት ወንበር አናስቀምጥ። ሦስተኛው፣ የተቀመጥንበትን ሜዳ ጠርገን እንነሳ፤ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ የገበሬውን ከብት ይገድላሉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ጥሩ ቦታ የሚባለው ደካማው ሰው ሳይሰቃይ፣ ሶላት ሳይታለፍ፣ ዕዳ ሳይገባበት ደርሰው የሚመለሱበት ነው። በዚህ ሚዛን አረጋውያንና ሕፃናት ላሉበት የዓለም ባንክ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጉዞ የመልካ ቁንጡሬና የጢያ መስመር ቢሆን እንመርጣለን፤ ወንጪ ለማደር ሲመቻችሁ ይደርሳል። አላህ መንገዳችንን የሰላም፣ ዕረፍታችንንም የበረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።