የወፍጮ ብረት ፊት

በጌዴኦ ምድር ዋናው የሰው ምግብ የወፍጮ ዕዳ የለበትም። እንሰቱ ይፋቃል፣ አምቾው ይከተከታል፣ በጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፣ ከዚያም ቆጮ ሆኖ በምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ወደ ወፍጮ ቤት የሚጓዘው በቆሎው፣ ገብሱና ከሌላ አገር በገበያ የመጣው ጤፍ ነው። ስለዚህም በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚያ የእንሰትና የቡና መልክዐ ምድር፣ ከዲላ በስተደቡብ በኮቸሬ በኩል ባለችው በሬኮና በአካባቢዋ፣ ከብረት ዲስኮች ሁሉ የላቀ ማዕርግ የተሰጠው እሸት ቡናን ለሚፈለፍለው እንጂ ዱቄት ለሚፈጨው አይመስለኝም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመረመረ ሰው ግን የዚህ ጥበበ እድ ምሥጢር ፈጥኖ ይገለጥለታል፤ አንዱ ፍሬውን እንዳይነካ፣ ሌላው ምንም ሳያደቅ እንዳያሳልፍ የተቀረጹ ናቸውና።

የመፈልፈያው ዲስክ በቁመቱ ቆሞ፣ ውኃ እየፈሰሰበት፣ ረጋ ብሎ ይዞራል። ፊቱን የሸፈኑት ደነዝ ጉብታዎች ናቸው፤ በአንጻሩም የማይንቀሳቀስ ብረት ቆሞ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ይተዋል። ቀይ እሸቱ ወደዚያ ክፍተት ሲሳብ ይጨመቃል፣ ቅርፊቱ ይቀደዳል፣ ፍሬውን የከበበው የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽም ራሱ ቅባት ሆኖ ሁለቱን ፍሬዎች አፈትልከው እንዲወጡ ያደርጋቸዋል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ይህ ፈሳሽ ስለሌለው በዚያው ይጨፈለቃል ወይም ሳይላጥ ያልፋል፤ ለቃሚው ቀዩን ብቻ እንዲለቅም የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቅርፊቱ ከፍሬው ጋር ይወርዳል፤ ሲጠብ ደግሞ ብረቱ ፍሬውን ይጭረዋል፣ የተጫረውም ፍሬ በማብላያው ገንዳ ውስጥ ተበላሽቶ ጣዕሙን ለጎረቤቶቹ ያወርሳል። ጉብታው ደነዝ መሆኑ እንግዲህ የሠሪው ስንፍና አይደለም።

የእህል ወፍጮው ዲስክ ግን ምሕረት አያውቅም። ከሁለቱ አንዱ ቋሚ፣ ሁለተኛው ዘዋሪ ሲሆን፣ እህሉ በማዕከሉ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ጠርዝ ይጓዛል። ዲስኩን ፈትቶ በእጁ የያዘ ሰው፣ በማዕከሉ አጠገብ ያሉት ፈሮች ጣት የሚያስገቡ፣ ጥልቅና ጥቂት እንደሆኑ፣ ወደ ጠርዙ በቀረቡ መጠን እየቀጠኑና እየበዙ፣ ጥልቀታቸውም እያነሰ ሄዶ በመጨረሻው ቀለበት ላይ በጥፍር ካልተዳሰሱ የማይታወቁ ጭረቶች እንደሚሆኑ ያያል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ሙሉ የበቆሎ ፍሬ መጀመሪያ የሚገባበት ስፍራ ካላገኘ በፈሮቹ መካከል ባሉት ጥርሶች ላይ እየተንሸራተተ ስለሚቀር፣ ውስጠኛው ክፍል ይሰብረዋል፣ መካከለኛው ይከፋፍለዋል፣ ጠርዙ ያልመዋል። ክበቡም ወደ ውጭ በሰፋ ቁጥር የሚፈጨው ነገር የሚዘረጋበት ስፍራ ስለሚበዛ፣ ያው እህል እየሳሳ ሄዶ በጠባቡ ክፍተት ሳይታፈን ለመውጣት ይችላል።

ፈሮቹ ከማዕከሉ ቀጥ ብለው እንደ ወጡ ጨረሮች አይደሉም፤ ጥቂት ያዘነበሉ ናቸው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ዝንባሌ ተቀርጾባቸው ፊት ለፊት ሲገጠሙ፣ የአንዱ ዝንባሌ የሌላው ተቃራኒ ይሆናል፤ ጥርሶቻቸውም እንደ መቀስ ስለት ይተላለፋሉ፣ የሚተላለፉበትም ነጥብ ወደ ጠርዙ እየሸሸ ዱቄቱን ከፊቱ ይገፋዋል። ዝንባሌው ከበዛ እህሉ ገና ሳይደቅ ተወርውሮ ይወጣል፤ ካነሰ ደግሞ ዱቄቱ ከሚገባው በላይ ቆይቶ ይግላል። የሠሪው ብልሃት የሚፈተነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ይልቅ በዚህች ዝንባሌ ነው፤ ብረቱን ማንም ያቀልጠዋል።

ስለ ግለቱ ጥቂት ማስላት ይጠቅማል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ ጠርዙ በሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ ከማዕከሉ 5 ሴንቲሜትር ላይ ያለው ነጥብ ግን 3 ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። ፍትጊያውም ግለቱም የሚበረታው እንግዲህ ዱቄቱ እጅግ በደቀቀበት በጠርዙ አጠገብ ነው። እናቶቻችን ከወፍጮ ቤት የመጣውን ትኩስ ዱቄት ወዲያው ሳይከድኑ ዘርግተው የሚያናፍሱት በከንቱ አይደለም፤ ሙቀቱ ያወጣው እርጥበት በዕቃው ውስጥ ቢታፈን ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። እርጥብ እህልም ለብረቱ ጠላት ነው፤ ፈሮቹን በሊጥ ይደፍናቸዋልና።

የብረቱ ባሕርይ ሌላ ትምህርት ነው። ካርቦን የበዛበት የቀለጠ ብረት በዝግታ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ተለይቶ ግራፋይት ይሆናል፤ ይህ ግራጫው፣ ለመቁረጥ የሚመቸው ብረት ነው። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሲሚንታይት የተባለውን ጽኑ ነገር ይፈጥራል፤ ስብራቱም ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ቢወድቅ ይሰበራል። በሃንጋሪ አገር አብርሃም ጋንዝ የቀለጠውን ብረት በብረት ቅርጽ ላይ በማፍሰስ ፊቱ ነጭና ጽኑ፣ ውስጡ ግራጫና ታጋሽ የሆነ የባቡር ጎማ ይሠራ ነበር፤ ከሞተ በኋላም በፋብሪካው የነበረው መሐንዲስ አንድራሽ ሜህዋርት ይህንኑ ጥበብ በ1874 እ.ኤ.አ. ለዱቄት ወፍጮ ሲሊንደር አዋለው፤ የቡዳፔስት ዱቄት ዝናም በዚሁ ከፍ አለ። የጥሩ ዲስክ ፊት ዛሬም የሚጠነክረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ከአውድማ ከእህሉ ጋር የሚመጣው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ለሲሚንታይት እኩያው ስለሆነ፣ ያልተነፋና ያልተለቀመ እህል ነጩንም ብረት ይበላዋል። ከኳርትዝ የሚበረታ ቅንጣት ለማግኘት በብረቱ ላይ ብዙ ክሮሚየም ይጨመርበታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል።

ታዲያ አብዛኛው የጤፍ ወፍጮ ቤት ስለምን በድንጋይ ጸና? የጤፍ ፍሬ ወርዱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፣ ሺህ ፍሬም ቢመዘን የግራም ሲሶ ያህል ነው። ለእንዲህ ያለው ደቃቅ ፍሬ ክፍተቱ እጅግ መጥበብ አለበት፤ የዘዋሪው ዘንግ ጥቂት ቢያዘነብል ዲስኮቹ በአንድ ወገን ይነካካሉ፣ በሌላው ወገን ጤፉ ሳይፈጭ ያመልጣል። ድንጋዩ ግን ሲለሰልስ ባለሙያው በመውቀሪያው ወቅሮ ፊቱን ያድስለታል፤ ይህም ከመጅና ከእጅ ወፍጮ ዘመን ጀምሮ የታወቀ፣ በቤተ ክርስቲያን ቤተ ልሔም የመሥዋዕቱን ስንዴ የሚፈጩት ዲያቆናት ሳይቀሩ የሚያውቁት ሥራ ነው። የጠነከረ ብረት አይወቀርም። ጥርሱ በአንድ ወገን ሲደንዝ፣ አሠራሩ ከፈቀደ፣ የአዟዟሩ አቅጣጫ ተለውጦ ሁለተኛው የጥርስ ጠርዝ ይሠራል፤ ያም ሲያልቅ ዲስኩ ይጣላል።

ከዲስኩ የሚያልቀው ብረት ደግሞ የትም አልሄደም፤ በዱቄቱ ውስጥ ነው። በጋና በአገር ውስጥ በሚቀለጡ የበቆሎ ወፍጮ ዲስኮች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ብረቱ ለስላሳ ሲሆን ወደ ምግቡ የሚገባው ብናኝ ብዙ እንደሚሆን አሳይተዋል፤ ይህንንም ሰውነት እንደሚቀበለው የምግብ ብረት መቁጠር ስሕተት ነው። በማግኔት ማጣራት ይረዳል። ከማግኔቱ በፊት ግን የወፍጮው ባለቤት ጆሮ አለ፦ እህሉ በወፍጮው አፍ ሲያልቅ ዲስኮቹ እርስ በርሳቸው ተነካክተው ይጮኻሉ፣ ያን ጊዜ ፈጥኖ ክፍተቱን የማያላላ ሰው በአንድ ደቂቃ የብዙ ቀን ጥርስ ያጠፋል። አዲስ ዲስክ በተገጠመም ጊዜ፣ የፈሮቹ ሹል ጠርዝና የማቅለጫው አሸዋ እስኪወጣ ድረስ፣ መጀመሪያ ጥቂት ርካሽ እህል ይፈጭበታል፤ ያም ዱቄት ለሰው ሳይሰጥ ይደፋል።