ማዶ በስክሪን ሲታይ

ከዋግ ደጋ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን መንደር ያየ ሰው «ቅርብ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ጭሱ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ይለያል፤ ተጣርቶም ይሰማማል። መካከል ላይ ወደ ተከዜ የሚወርድ ሸለቆ ካለ ግን ያች «ቅርብ» መንደር በቁልቁለቱና በዳገቱ ግማሽ ቀን ልትፈጅ ትችላለች። ዓይን የሚለካው ሌላ፣ እግር የሚለካው ሌላ። ይህን የማነሳው ርቀትን በስክሪን መወሰን እየለመድን ስለመጣን ነው።

ለመሆኑ ርቀትን እንዴት እናውቃለን? ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚራራቁ አንዱን ዕቃ በጥቂቱ ለየት አድርገው ያዩታል፤ አእምሮም ከልዩነቱ ጥልቀትን ያሰላል። ይህ በይበልጥ የሚጠቅመው ለቅርብ ነገር ነው። ለተራራ ሲሆን ሌላ ምልክት አለን፤ ሩቅ ነገር ደብዝዞና ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ከዝናብ በኋላ የደጋው አየር ጥርት ሲል ይህ ምልክት ይደክማል። ተራራው የቀረበ ይመስላል።

ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚባለው መነጽር ውስጥም ርቀት ያጥራል። የተመራማሪዎቹ ፈተና ቀላል ነው፤ ሰውየው አንድ ምልክት ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ተሸፍኖ «ደረስኩ» እስኪል ይራመዳል። በሜዳ ላይ እስከ 20 ሜትር ገደማ ብዙም አይሳሳትም። በመነጽሩ ያየውን ሲራመድ ግን ሳይደርስ ይቆማል። የስክሪኑ ትኩረት በአንድ ርቀት መወሰኑ፣ የእይታው መጥበብና የመነጽሩ ክብደት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። አዳዲሶቹ መነጽሮች ጉድለቱን ቀነሱት እንጂ አላስወገዱትም።

ካርታውስ? በኮምፒዩተር ለምናየው የተራሮቻችን ቅርጽ ብዙ ጊዜ መነሻ የሚሆነው፣ የአሜሪካዋ መንኩራኩር «ኢንዴቨር» እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የሰበሰበችው የራዳር መረጃ ነው። ሁለት አንቴናዎቿ በ60 ሜትር ተራርቀው እንደ ሁለት ዓይን ምድርን ተመለከቱ። ሥራው ድንቅ ነው። ሆኖም መረጃው ቢበዛ በየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ ስለሚሰጥ፣ ገደሉ ለስልሶ ተዳፋት ይመስላል።

ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው። ከመንደር እስከ ጤና ጣቢያ በስክሪኑ ላይ ቀጥታ መስመር አስምሮ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው» የሚል ባለሙያ፣ ልጇን አዝላ ገደል የምትወርደውን እናት ከሒሳቡ አውጥቷታል።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና በሕግ ልጨርስ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኛው ያከራከረውን ንብረት ራሱ ሄዶ እንዲያይ ይፈቅድለታል። ለዳኛ የተፈቀደው ለዕቅድ አውጪ ግዴታ ቢሆን ምን ይጎዳል? ስክሪኑን እንጠቀምበት፤ ከመወሰናችን በፊት ግን መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በእግሩ የሚሄደውን ሰው እንጠይቅ።